ከጀልባ ሆድ የማያልቅ ውሃ፦ መግቢያውን ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ጀልባቸውን በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን፣ በዱከም ወይም በአቃቂ በኩል ግቢያቸው ውስጥ በተሳቢ ላይ አቁመው፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ረጅም ዕረፍት ሲገኝ ደግሞ ወደ ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ለሚወርዱ ሰዎች ነው። በአብዛኛው የምናወራው ከ4 እስከ 6 ሜትር ርዝመት ስላላት፣ ከፋይበር ግላስ ስለተሠራችና ሞተሯ ከውጭ በኋላ ግድግዳዋ ላይ ስለሚታሰር ጀልባ ነው። የብረት ወይም የእንጨት ጀልባ ያለው፣ ሞተሩም ከውስጥ የተቀበረለት ሰው ወደ መጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ይለፍ።

ጀልባዬ ውስጥ ውሃ አገኘሁ። በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም አይለጥፉ። ብዙ ሰው ከኋላ በኩል ኩሬ ሲያይ እዚያው አጠገብ ያገኘውን ስንጥቅ በሲሊከን ይደፍናል። ውሃ ግን በየትም ይግባ በየት፣ ከወለሉ ሥር እየሾለከ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ወደ ኋላ ግድግዳው ይሄዳል። በአፍንጫዋ በኩል የገባውም እዚያው ነው የሚጠራቀመው። ስለዚህ ከየት ከማለትዎ በፊት መቼ ብለው ይጠይቁ።

የጀልባዋን ሆድ በስፖንጅ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ እስኪደርቅ ይጥረጉ። ሰዓቱን ይመዝግቡ። ሐይቅ ላይ ካወረዷት በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ሰው ሳይጭኑ፣ አንድ ሰዓት ታስራ ትቁም። የገባውን ውሃ አፉ በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ እየቀዱ ይለኩና ይጻፉ። እንደገና አድርቀው ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጠው ለሌላ አንድ ሰዓት ያቁሟት። ሦስተኛው ዙር በዝግታ ግማሽ ሰዓት መንዳት፣ አራተኛው በፍጥነት ግማሽ ሰዓት መንዳት ነው። የነዱበትን መጠን በሁለት አባዝተው በሰዓት ያድርጉት።

ቆማ ሳለች በእኩል መጠን የሚገባ ከሆነ ቀዳዳው ሁልጊዜ ከውሃው መስመር በታች ነው፤ የማፍሰሻ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ታፖ፣ ከኋላ የተመቱትን ቪቴዎችና የታችኛውን አካል ይጠርጥሩ። ሰው ሲጫን ብቻ ከገባ ቀዳዳው ከውሃው መስመር በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ጀልባዋ ስትዘቀዝቅ ይጠልቃል። ስትሮጥ ብቻ ከሆነ ነገሩ ፍንጣቂና ማዕበል ነው፣ ወይም አካሏ ሲንገጫገጭ የሚከፈት ስንጥቅ አለ። አንዱም ሳይሆን ግቢ ቆማ ብቻ የምታጠራቅም ከሆነች ሐይቁን በከንቱ አይክሰሱ።

ምን ያህል ሲሆን ነው የሚያሳስበው?

መጠኑ ስለ ቀዳዳው ስፋት ብዙ ይናገራል። ከውሃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ በሰዓት ወደ 37 ሊትር ያስገባል። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሰዓት 150 ሊትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው አራት እጥፍ ይሆናል። ታፖው ተረስቶ 25 ሚሊ ሜትሩ የማፍሰሻ ቀዳዳ ክፍት ሲቀር ደግሞ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ፣ በሰዓት ከ2,500 ሊትር በላይ ይገባል። በሰዓት 1,900 ሊትር እንደሚያወጣ የተጻፈበት የተለመደው ትንሽ ፓምፕ ይህን አይችለውም፤ ያ ቁጥር ራሱ የተለካው ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ስለሆነ ጀልባ ላይ ሲሠራ ያንሳል።

በሌላ በኩል በሰዓት አንድ ሊትር የሚያስገባ ቀዳዳ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው ከታች ያሉት ሙከራዎች የሚያስፈልጉት።

የእኛ መለኪያ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ውላ ከአንድ ሊትር በታች ከሆነ በስፖንጅ ጠርገው ይከታተሉ። በሰዓት ጥቂት ሊትር ከሆነ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ይፈልጉ። በሰዓት ከ20 ሊትር ካለፈ ዛሬውኑ ወደ ዳር ይውጡ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ያውም ወንበሩ ላይ የማይቀመጥ 100 ኪሎ። ጋዝ ሲሰጡ ወደ ኋላ፣ ሲጠመዝዙ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

የዝናብ ውሃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 5 ሜትር በ2 ሜትር የሆነች ክፍት ጀልባ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብባት እስከ 200 ሊትር ትቀበላለች። በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያለ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። ሸራ አልብሻታለሁ ማለት አይበቃም፤ ሸራው መሐል ላይ ጎድጉዶ ኩሬ ከሠራ በስፌቱ በኩል ያንጠባጥባል። የበጋው ፀሐይም ሸራን ቶሎ ስለሚያሳሳው ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲያዩት ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ አርጅቷል።

ለማጣራት ዝናብ በሌለበት ሳምንት ሆዷን አድርቀው፣ ታፖውን ዘግተው፣ ግቢ ውስጥ ይተዉአት። ደርቃ ከከረመችና ዝናብ በጣለ ማግስት ውሃ ከተገኘ ጉዳዩ የሸራ ነው። ላንጋኖ ውላ የመጣች ከሆነ ቀለሙም ይረዳል፤ የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ በብርጭቆ ቀድተው ከነጭ ወረቀት ፊት ሲይዙት ከዝናብ ውሃ ይለያል።

በክረምት ስታቆሟት የተሳቢውን የፊት እግር ከፍ አድርገው አፍንጫዋን ያንሱ፣ ታፖውን አውጥተው ይተዉ፣ ከሸራው ሥር ከፊት እስከ ኋላ እንጨት ወይም ገመድ ወጥረው ውሃው በግራና በቀኝ እንዲንሸራተት ያድርጉ። ያወጡትን ታፖ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ይሰሩት። ሐይቅ ዳር ከሚሰጥሙ ጀልባዎች ውስጥ ታፖ የተረሳባቸው ጥቂት አይደሉም።

ታፖው አዲስ ነው፣ አጥብቄዋለሁም። ግን ከዚያው አካባቢ ይረጥባል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የታፖው ሳይሆን ታፖው የሚገባበት ቀለበት ነው። ይህ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት በሁለት ወይም በሦስት ቪቴ ከኋላ ግድግዳው ጋር ይያያዛል፤ ከጀርባው የተቀባው ማሸጊያ በዓመታት ይደርቅና ይለቃል። ከዚያ በኋላ ውሃው ከቀለበቱ ጀርባ፣ በቪቴዎቹም በኩል ይገባል። ግድግዳው ብዙ ጊዜ በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፍ መሐል ኮምፔንሳቶ ስላለው እንጨቱ ውሃውን እየጠጣ ይበሰብሳል። ይህ ከገባው ውሃ ይልቅ የከፋ ጉዳት ነው፤ ሞተሩን የተሸከመው ያ ግድግዳ ነውና።

ቪቴዎቹን ይፍቱ። እያዞሩት የማይነክስ፣ ወይም ሲወጣ ጥቁር እርጥብ የእንጨት ብናኝ ይዞ የሚወጣ ቪቴ ካለ እንጨቱ ተነክቷል። በካቻቢቴ እጀታ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ሞተሩን ከታች በኩል ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት ግድግዳው አብሮ ከተለመጠ ጉዳዩ ማሸጊያ የመቀባት አይደለም፣ ግድግዳው መከፈት አለበት።

እንጨቱ ደህና ከሆነ የቪቴ ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ሰፋ አድርገው፣ ለቀናት አድርቀው፣ በኤፖክሲ ይሙሏቸው። ኤፖክሲው ሲደርቅ አዲስ ቀጭን ቀዳዳ ከመሐሉ ይብሱ። የዋናውን ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳም ኤፖክሲ ይቀቡት። ከዚያ ቀለበቱን ከጀርባው ሙሉ ለሙሉ ማሸጊያ ቀብተው በማይዝግ ቪቴ ይሰሩት። የጎማ ታፖ ከሆነ ደግሞ በጣት ጠምዘዝ አድርገው ይዩት፤ ፀሐይ ያደረቀው ጎማ በጫፉ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ያወጣል፣ ዋጋውም ለማመንታት የሚያበቃ አይደለም።

ሐይቅ ሳልወርድ ግቢዬ ውስጥ መሞከር እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ከሁሉም ሙከራ የምንመርጠውም ይህን ነው፦ ውሃን ከውጭ ወደ ውስጥ ከመጠበቅ ይልቅ ከውስጥ ሞልቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ማየት።

ባትሪውን አስቀድመው ያውጡ፤ የነዳጅ ታንከሩም ተንቀሳቃሽ ከሆነ ይውጣ። የጀልባዋን ሆድ በሳሙና አጥበው ዘይቱን ያስወግዱ፣ አለበለዚያ የሚወጣው ውሃ ግቢዎን ያበላሻል። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ። ሐይቅ ላይ ውሃው የጀልባዋን አካል በሙሉ ተሸክሞ ይይዛታል፤ ተሳቢ ላይ ግን ክብደቷ የሚያርፈው በሁለት እንጨቶች ወይም በጥቂት ጎማዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከኋላ ግድግዳው ሥር በጠንካራ እንጨት ይደግፏት፣ ከ200 ሊትር በላይም አይሙሏት። ውሃው ከኋላ በኩል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በቂ ነው፣ ወለሉን መንካት የለበትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 200 ሊትር ከሮቶ መቀነስ ያሳስብ ይሆናል፤ ሲጨርሱ በታፖው ቀዳዳ በኩል በጄሪካን መልሰው ቀድተው መኪና ማጠቢያ ያድርጉት። ወደ ሮቶው ግን አይመልሱት።

ከመሙላትዎ በፊት የታችኛውን አካል ከውጭ ፍጹም አድርቀው የሕፃናት ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ ይንዙበት። ውሃው ከወጣ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፦ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ቀዳዳው ነው ብለው ያስባሉ። ውሃ በአካሏ ላይ ተጣብቆ ረጅም ርቀት ይወርዳል። መፈለግ ያለበት የእርጥቡ መስመር ከፍተኛው ጫፍ ነው። እዚያ በማይለቅ እስክሪብቶ ክብ ይሥሩ፣ ያድርቁት፣ እንደገና ፓውደር ነዝተው ያረጋግጡ።

አትቸኩሉ። ከወለሉ ሥር በፎም የተሞላች ጀልባ ውሃው ፎሙን አልፎ እስኪወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድባት ይችላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የየትኛው ውሃ እንደሆነ ግራ ካጋባዎት አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ቀለም በየ20 ሊትሩ ይጨምሩ። ቀዩ ነጩን የውጭ ቀለም ሊያቀልም ስለሚችል አረንጓዴውን ይምረጡ፣ እሱንም በማይታይ ቦታ ይሞክሩት።

አንዳንዱ ሰው የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አምጥቶ ሆዷን በነፋስ ሞልቶ በሳሙና አረፋ መፈለግ ይቀለኛል ይላል። አያድርጉት። ከአንድ ከመቶ ባር ያልበለጠ ግፊት እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ ራሱ ሊነቅለው ይችላል።

ሞልቼ አንድ ጠብታ አልወጣም። ሐይቅ ላይ ግን ይገባል።

እንግዲያው መግቢያው ከሞሉት ውሃ ከፍታ በላይ ነው። አሁን የሚያስፈልገው የውሃ ጎማና የእጅ ባትሪ የያዘ ረዳት ነው። ረዳቱ ከውስጥ እያበራ ይይ፣ እርስዎ ከውጭ ያጠጡ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ፤ ከላይ ከጀመሩ የሚወርደው ውሃ ሁሉንም አርሶ የትኛው እንደገባ አይታወቅም። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆዩ። የላቫጆ ማሽን አይጠቀሙ፤ ያ ግፊት ሐይቅ ፈጽሞ በማይገባበት ቦታ ሁሉ ውሃ ያስገባና ያሳስትዎታል።

ከሁሉ በፊት ግን ከሞተሩ ፊት ያለውን ገንዳ ይሞክሩ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ጋዝ በድንገት ሲለቁ ከኋላ የተከተለው ማዕበል በሞተሩ ላይ ተሻግሮ እዚህ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም በሁለት አጫጭር ቱቦዎች ወደ ውጭ ይፈሳል። ቱቦዎቹ ከተሰነጠቁ ወይም ጫፋቸው ከለቀቀ ውሃው ወደ ውጭ በመፍሰስ ፈንታ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ታፖውን አውጥተው አንድ ባልዲ ውሃ ገንዳው ላይ ያፍሱ። በታፖው ቀዳዳ ውሃ ከወረደ አገኙት። የመሪ ገመዱና የነዳጅ ጎማው የሚያልፉበት የጎማ ቀሚስም እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው፤ ከተቀደደ ውጤቱ ያው ነው።

ቀጥለው ሞተሩን የያዙትን ቡሎኖች ይዩ፤ በሮንዴላቸው ዙሪያ የዝገት እንባ ካለ ውሃ እያለፈ ነው። የጥልቀት መለኪያ ወይም ዓሣ ማሳያ መሣሪያ የታሰረባቸው ቪቴዎች፣ በተለይ ቦታው ተቀይሮ ባዶ የቀሩት የድሮዎቹ ቀዳዳዎች፣ ከተጠርጣሪዎቹ አንደኛ ናቸው። ከፊት ደግሞ ጀልባዋ ወደ ተሳቢው የምትጎተትበት ቀለበት አለ፤ ጀልባዋን ወደ ተሳቢው ስትስቡ ሙሉ ክብደቷ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ከጊዜ በኋላ ይነቃነቃል። ስትሮጥ ፍንጣቂው የሚመታው ያንን ቦታ ነው። በመጨረሻም በጠርዟ ዙሪያ ከተገጠመው ጎማ ሥር የላይኛውና የታችኛው ክፍል መገጣጠሚያ ይገኛል፤ ጎማውን ገልጠው የለቀቀ ቪቴ እንዳለ እያንዳንዱን በጣት ይፈትሹ።

ፓምፑ ውሃ ማውጣት ትቶ ሊያስገባ ይችላል?

አዎ፣ ይህን የሚጠረጥር ሰው ግን ጥቂት ነው። የፓምፑ መውጫ ከውሃው መስመር ብዙም ካልራቀ ጀልባዋ ሰው ስትጭን ይጠልቃል። ፓምፑ ሠርቶ ሲቆም ጎማው በውሃ እንደተሞላ ስለሆነ ውሃው ሳበ ሳበ እያለ ወደ ውስጥ ይመለሳል። መፍትሔው የፓምፑን ጎማ እስከ ጠርዟ አካባቢ ከፍ አድርጎ አዙሮ ማሰር፣ መውጫውንም ሙሉ ጭነት ላይ እንኳ ከውሃ በላይ ማድረግ ነው።

ከዚህ የሚለይ ጥፋት የሌለበት ነገርም አለ። ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ የሁለት ሜትር ጎማ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል፤ ፓምፑ ሲቆም ያ ውሃ ተመልሶ ይወርዳል። አድርቄ ወዲያው ውሃ አገኘሁ የሚለው ሰው አንዳንዴ ያየው ይህን ነው። ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳው ፍሎተር ስስ ከሆነ ይኸው ግማሽ ሊትር መልሶ ያስነሳውና ፓምፑ ባትሪው እስኪያልቅ ይቆማል፣ ይነሳል።

ከተጓዝን በኋላ ስንጥቅ አየሁ። መንገዱ ነው?

ሊሆን ይችላል። ከዋናው አስፋልት እስከ ግቢ በር ያለው ኮብልስቶን ወይም ፒስታ መንገድ ሐይቅ ላይ ከሚውለው ቀን ይልቅ አካሏን ይጎዳል፤ በተለይ የተሳቢው እንጨቶች አጭር ሆነው የኋላ ግድግዳው ባዶ ላይ ከተንጠለጠለ። ሞተሩ በዚያ ባዶ ላይ ይወዛወዛል። እንጨቶቹ እስከ ግድግዳው ጫፍ መድረስ አለባቸው፤ ሞተሩም ለጉዞ ሲነሳ በራሱ ማንሻ ብቻ ሳይሆን በድጋፍ ብረት መያዝ አለበት።

ስንጥቁ ላይ ላዩን ብቻ ይሁን እስከ ውስጥ የዘለቀ ለመለየት አንድ ቪቴ ጫፍ በሚያህል ቦታ የላይኛውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ያንሱ። ስንጥቁ ከቀለሙ ጋር ከጠፋ መልክ ነው። ከሥሩ ያለው ፋይበር ነጭ ሆኖ ከታየና መስመሩ ከቀጠለ አካሏ ተሰብሯል። ከእንጨቱ ጫፍ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ሁልጊዜ በቁም ነገር ይታይ።

ታፖውን ከፍቼ ለሦስት ቀን ይንጠባጠባል። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ከፎሙ። እንዳትሰጥም ተብሎ ከወለሉ ሥር የሚሞላው ፎም ደረቅ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ ወደ 32 ኪሎ ይመዝናል። ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን ቀስ በቀስ ይጠጣል፣ የጠጣው ሁሉ ክብደት ይሆናል። ጀልባዋ ዝቅ ብላ ስለምትንሳፈፍ ከውሃ በላይ የነበሩ ቀዳዳዎች ይጠልቃሉ፣ አዲስ ውሃ ይገባል፣ ፎሙ ይበልጥ ይጠጣል።

በከተማው መውጫዎች የከባድ መኪና ሚዛን ስላለ ጀልባዋን ከተሳቢው ጋር አስመዝኑ፤ ጀልባዋ ሐይቅ ላይ ሳለች ባዶውን ተሳቢ መዝነው ይቀንሱ። በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ያለው ክብደት ብዙውን ጊዜ ያለ ሞተር፣ ያለ ባትሪና ያለ ነዳጅ ስለሆነ እነሱን ይደምሩ፤ ቤንዚን በሊትር ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነው። ከዚያም በላይ ከ100 ኪሎ የሚበልጥ ልዩነት ከተገኘ ወለሉ ላይ፣ ወደ ኋላ መሐል አካባቢ፣ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ ይብሱ። መብሻው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርገው ወለሉን እንዳለፉ ይቁሙ፣ አለበለዚያ የሌለ ቀዳዳ ከታች ያበጃሉ። በቆልማማ ሽቦ ትንሽ ፎም አውጥተው በጣት ይጭመቁት። ውሃ ከተንጠባጠበ ፀሐይ አያደርቀውም፤ ወለሉ ተቆርጦ ፎሙ መውጣት አለበት።

ሲሊከን ለምን አይሆንም?

ከውሃ በታች ይዞ አይቆይም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሲለቅ በላዩ ላይ ምንም ነገር የማይጣበቅበት ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ኋላ ደህናውን ማሸጊያ ሲቀቡ እሱም ይለቃል። ከውሃ በታች ላለ ሁሉ ለጀልባ የተሠራ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይጠቀሙ፦ እንደ ሲካፍሌክስ 291 ወይም ስሪ ኤም 4200 ያለ። ድሮ ሲሊከን ከነበረ በስለት ይፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሹ፣ በአሴቶን ይጥረጉ። ቡሎኑን ደግሞ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ማሸጊያውን በሙሉ ጨምቀው አያውጡት፤ ስስ ንጣፍ መቅረት አለበት።

የተሰበረ ፋይበር ግላስ ግቢዬ ውስጥ መጠገን እችላለሁ?

ትንሽ ስንጥቅ ከሆነ ይቻላል። ስንጥቁን በቪ ቅርጽ ከፍተው ዙሪያውን ያሳሱ፤ የአካሏ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳሳ ብሎ የሚሄደው በየጎኑ 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ለቀናት ይድረቅ። እርጥብ ፋይበር ላይ የተሠራ ሥራ ይላጣል፣ ስለዚህ ክረምት የዚህ ጊዜ አይደለም።

ከውሃ በታች ኤፖክሲ ከፖሊስተር ሬዚን ይልቅ ከአሮጌው አካል ጋር ይያያዛል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። በኤፖክሲ ከሠሩ የተሸመነ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ የተለመደውን ማት፣ ማለትም ያልተሸመነውን የፋይበር ንጣፍ፣ የያዘው ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ነው። በፖሊስተር ከሠሩ ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርደነር (ማድረቂያ) ይበቃል፤ ማቱ በካሬ ሜትር 450 ግራም ከሆነ የማቱን ክብደት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ሬዚን ይጠጣል። ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ ስለማይደርቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱ። ሃርደነር ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር ያድርጉ። ሬዚኑ ኮባልት (ማፋጠኛ) ለብቻው የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ኮባልቱንና ሃርደነሩን በቀጥታ አይቀላቅሉ፤ ይፈነዳል። አንደኛውን ከሬዚኑ ጋር በደንብ አማስለው ከጨረሱ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው።

የእኔ ጀልባ ብረት ናት። የእንጨትስ?

በሪቬት ለተያያዘ አሉሚኒየም የመሙላቱ ሙከራ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚያለቅሰው ሪቬት አንድ በአንድ ይታያል፣ ከውስጥ ከባድ ብረት ተደግፎ ከውጭ በመዶሻ ይጠበቃል። ነሐስ ወይም መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር አይንካ፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በብየዳ የተሠራ ብረት ከሆነ ከቀለም ሥር ያበጠውን ቦታ በመዶሻ ጫፍ ይፈትሹ። ፎም ወይም ነዳጅ ባለበት አጠገብ ብየዳ አይታሰብም።

የእንጨት ጀልባ ግቢ ውስጥ ወር ከቆመች ሳንቃዎቿ ስለሚጠብቡ ማስገባቷ የተፈጥሮ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዳር ላይ ታስራ ስትጠጣ ትዘጋለች። በደረቅነቷ ክፍተቱን በጠንካራ ስቱኮ የሞላ ሰው ሳንቃው ሲያብጥ ስቱኮው ተገፍቶ ይወጣበታል፣ አንዳንዴም ሳንቃውን ይሰብራል።

ሞተሬ ከውስጥ ነው። የሚጨመር ነገር አለ?

ሁለት። በፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ በገመድ የሚታሸገው የድሮው ዓይነት ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማንጠባጠቡ ሥራው ነው፣ ገመዱን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፤ ቆሞ ካንጠባጠበ ግን ይስተካከል። ሁለተኛው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው። ተሳቢ ላይ ሳለች በሞተሩ ውሃ መግቢያ ላይ የሚገጠመውን ማጠቢያ ከውሃ ጎማ ጋር አያይዘው ያስነሱት፤ ሐይቅ በሌለበት ሆዷ ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከሞተሩ ነው። ውሃው ሳይከፈት ማስነሳት በማቀዝቀዣው ፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረውን ጎማ ወዲያው ያቃጥለዋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አያስነሱ፣ ጭሱ ይገድላል።

ቅርብ ስለሆነ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ልሞክራት?

ይቅርብዎ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው፣ እምቦጩም የማቀዝቀዣውን መግቢያ ይደፍነዋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ መሐል እንኳ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጠግኜ ጨረስኩ። መዳኗን እንዴት ላረጋግጥ?

በመጀመሪያ የለኩትን መልሰው በዚያው መንገድ ይለኩ፦ በዚያው ጭነት፣ ለዚያው ሰዓት፣ በዚያው የሃይላንድ ፕላስቲክ። ከ8 ሊትር ወደ 3 ከወረደ አንዱን ቀዳዳ ዘግተዋል፣ ሌላው ቀርቷል። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ይጠገን የምንለው። ለመጀመሪያው ሙከራ ከዳር ሳይርቁ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሰው፣ ባልዲና ትርፍ ታፖ ይዘው ይውጡ፤ ፓምፑን ደግሞ ያጥፉት፣ በራሱ እየሠራ ውሃውን ካወጣው የሚለኩት አይኖርም።